ሦስት ቀን ሥራ፣ ሁለት ቀን ትምህርት

ዘሚካኤል ወልደሥላሴ አናጢ የሆነው አባቱን አስቀይሞ ነው። አባቱ ከጎጃም በጸሐፊነት ተመድበው ጨንቻ የመጡ፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድም አብረው የወረዱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ክራቫት ሳያስሩ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ የማይወርዱ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን መጋዝ ይዞ ሲያዩት፣ «እኔ በእስክሪብቶ ያሳደግኩህ አንተ ሰጋቱራ ልትቅም ነው?» አሉት። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አላናገሩትም። የታረቁት ለራሳቸው የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቶ ሲያመጣላቸው ነው። መደርደሪያውን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት፣ «ደኅና ነው» አሉ። ዘሚካኤል ያቺን አንዲት ቃል ዕድሜ ልኩን ይዟት ኖረ።

ሲቀላ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ወርክሾፕ ነበረችው። ሚስቱ ሊሻን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለት ልጆቻቸው አድገው ሐዋሳ ገብተዋል። ወርክሾፑ ውስጥ ዳልጮ የሚባል ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ዝምተኛ ሠራተኛ ነበር፤ ከዘሚካኤል ጋር አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አልጋ፣ የበር ፍሬም፣ የሬሳ ሣጥን፣ የመጣላቸውን ሁሉ ይሠራሉ። ጣውላውን የሚሰነጥቁት ሁለት ሆነው በእጅ መጋዝ ነበር፤ አንዱ ከዚህ ሌላው ከዚያ እየሳበ።

በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቴዎ የሚባል የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠራተኛ ሞተር ሳይክሉን በሩ ላይ አቁሞ ገባ። ወጣት ነው፤ ፋይሉን በብብቱ ይዟል።

«ጋሽ ዘሚካኤል፣ ሠልጣኝ ልሰጥዎት ነው የመጣሁት» አለ።

«ሠልጣኝ ምን ያደርግልኛል? ዳልጮ አለኝ።»

«ይስሙኝ እስቲ። መንግሥት ሠልጣኝ ለሚቀበሉ አሠሪዎች ድጋፍ መስጠት ጀምሯል። ልጅቷ በሳምንት ሁለት ቀን እኛ ዘንድ ትማራለች፣ ሦስቱን ቀን እርስዎ ዘንድ ትሠራለች። የኪስ ገንዘቧን መንግሥት ይችላል። ለእርስዎ ደግሞ የመሰንጠቂያ ማሽን ይመጣልዎታል። ሁለት ዓመት ካሠለጠኑበት የራስዎ ነው።»

ዘሚካኤል ማሽን የሚለውን ሲሰማ የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ። አሥር ዓመት የተመኘው ነገር ነበር። «ልጅቷ አልክ?» አለ ቆየት ብሎ።

«ሴት ናት። ሻሺቱ ባፈና ትባላለች፣ ከላይ ከተራራው፣ የኦቾሎ ልጅ ናት።»

ውሉ በሦስት ቅጂ ተፈረመ፤ አንዱ ለኮሌጁ፣ አንዱ ለአሠሪው፣ አንዱ ለሠልጣኟ። ማሽኑም በጥቅምት መጨረሻ በጭነት መኪና መጣ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ክብ መጋዙ ከጠረጴዛው መሀል ብቅ ያለ፣ በላዩ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ የብረት መከለያ ያለው ነበር። ዳልጮ ዙሪያውን ዞሮ አየውና፣ «ይኼ የእኛን ክንድ ሊያሳርፍ ነው» አለ። ዳልጮ በቀን ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ ስለማይናገር ይህ ንግግር ከባድ ምስጋና ነበር።

ሻሺቱ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነጥቧ ለመሰናዶ አልበቃም። ወደ እንጨት ሥራ የገባችው ሌላው የትምህርት ክፍል ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀሚሷን እየሰበሰበች አንድ ጥግ ቆመች። በሦስተኛው ሳምንት ዘሚካኤል አንዲት የዋንዛ ቁራጭ ሰጣትና፣ «ላጊያት፣ ወረቀት እስክትመስል» አላት። ቀኑን ሙሉ ላገች። ወደ ማታ አካባቢ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ወዲያና ወዲህ እየሳበች ስትስቅ አያት። ከዚያን ቀን በኋላ ሱሪ ለብሳ መምጣት ጀመረች።

ሰኞና ማክሰኞ ኮሌጅ ትውላለች፤ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ወርክሾፕ። ረቡዕ ጠዋት ስትመጣ ደብተሯን ይዛ ነው፤ በሁለቱ ቀን የተማረችውን ለዘሚካኤል ታሳየዋለች። እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓይኑና በክንዱ የለካ ሰው ነው፤ ከወረቀት ላይ ሥዕል አንብቦ ሠርቶ አያውቅም። እሷ ወንበሩን ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ አድርጋ ሥላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነጠብጣቡ መስመር የማይታየውን ጎን ነው የሚያሳየው» ትለዋለች። እሱ መነጽሩን አውርዶ ያያል። በምላሹ ኮሌጁ የማያስተምረውን ያስተምራታል፤ እንጨት ደርቆ እንደሆነ በጉንጭ ነክቶ ማወቅን፣ ኮላው ሲበዛ መገጣጠሚያው ሳይገጥም የገጠመ መስሎ እንደሚዋሽ። በዓመቱ ዘሚካኤል ማክሰኞ ማታ ላይ፣ «ነገ ረቡዕ ነው አይደል?» ብሎ ሊሻንን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ሊሻን ትስቅበታለች።

«ልጆችህን እንኳ እንዲህ አልጠበቅካቸውም» አለችው አንድ ቀን።

«እነሱ እንጨት አይወዱማ» አለ።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ወርክሾፑ ሠርቶ የማያውቀው ሥራ መጣለት፤ ካምባ ወረዳ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ዴስክ። ትምህርት ሲከፈት መድረስ ነበረበት። ኮሌጁ ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር ሻሺቱ ሳምንቱን ሙሉ ወርክሾፕ ትውል ነበር። የቀራት የመጨረሻው የብቃት ምዘና ብቻ ነው። ማሽኑም መስከረም ላይ የዘሚካኤል ሊሆን ነው። ሁሉ ነገር ወደ ጫፉ ደርሶ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ መብራት ለአራት ቀን ጠፋ። በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መጣ። መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ የለም። ለዴስኩ እግር የመጣው የግራቪሊያ እንጨት ወፍራም ስለነበር መከለያው ሥር አላልፍ እያለ ይቀረቀራል። ዘሚካኤል ጠዋት ሞከረው፣ እንደገና ሞከረው፣ ከዚያ ቁልፍ አምጥቶ ሁለቱን ብሎን ፈታና መከለያውን አውልቆ ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ሥራው ፈጠነ። ቀኑን ሙሉ እሱና ዳልጮ ሰነጠቁ።

ዓርብ ጠዋት ሻሺቱ ማሽኑ ዘንድ ቆመች። ዳልጮ ሚስማር ሊገዛ ወጥቷል። እሷ ጣውላውን አላነሳችም።

«ጋሼ፣ መከለያው የለም» አለች።

«አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያወለቅኩት። ለዚህ ሥራ ብቻ ነው።»

«አስተማሪያችን ያለ መከለያ ማሽኑን አትንኩ ብሎናል።»

ዘሚካኤል ያን ጊዜ የተናገረውን ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ ሊረሳው የሞከረባቸው ዓመታት ነበሩ። «አስተማሪሽ ዴስክ አያስረክብም» አላት። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ቀልድ ነበር። እሷም ፈገግ ብላ ጣውላውን አነሳች።

ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ እግር ይገጥም ነበር። የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ ሰማ፤ እንጨት ሲቆርጥ የሚያሰማው ድምፅ አልነበረም። ዞር ሲል ሻሺቱ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛ ቆማለች። አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ነው፤ አንድ ነገር የጠፋባት ሰው ትመስል ነበር። ዘሚካኤል ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለለላት፣ ባጃጅ አስቆመ፣ ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሞቹ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሦስቱ የመሀል ጣቶቿ ሄደዋል። አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ ቀሩ።

አባቷ ባፈና በማግስቱ ከኦቾሎ ወረዱ። ሸማኔ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ትከሻቸው በሥራ ብዛት ወደ ፊት ያዘነበለ። አማርኛው ብዙም አይሆንላቸውም፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠሩት፣ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚባል ልዩነትም የላቸውም። ልጃቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው የታሸገውን እጅ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን ዘሚካኤልንና ቴዎን ተራ በተራ ተመለከቱ።

«ልጄ የማን ነው?» አሉ። «የትምህርት ቤት ነው ወይስ የሥራ ቤት? ለማን ነው የምጠይቀው?»

ቴዎ ወደ ዘሚካኤል አየ። ዘሚካኤል ወለሉን አየ።

የሕክምናውን ወጪ ዘሚካኤል ቻለ፤ ይህን ማንም አልጠየቀውም። ጥያቄው የመጣው መስከረም ላይ ነው። ቴዎ ሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ይዞ ወርክሾፕ መጣ። ጉዳዩን አጣርቶ ውሳኔ የሚሰጥ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው አንድም ቀን ማሽኑን መጥቶ አላየም። ዘሚካኤል መነጽሩን አድርጎ አነበበ። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ አደጋው የደረሰው በሠልጣኟ የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑ ተረጋግጧል ይላል።

«ይኼ እውነት አይደለም» አለ ዘሚካኤል።

ቴዎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ በር ሲገባ ከነበረው የከሳ ይመስላል። «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ አሠሪ ለምኜ ነው ሠልጣኝ ያስቀበልኩት። ጥፋቱ የአሠሪ ነው ከተባለ ነገ ሁሉም ልጆቹን ያባርራሉ። ሠላሳ አራት ልጆች ናቸው። እኔ ደግሞ ማሽኑን የመፈተሽ ግዴታ ነበረብኝ፤ ከየካቲት ወዲህ አልመጣሁም። ያውቃሉ።»

«እሷስ?»

«የእሷ እጅ እኛ ጥፋተኛ ስለተባልን ተመልሶ አይበቅልም።»

ዘሚካኤል ፈረመ። ለምን እንደፈረመ ብዙ ጊዜ ለራሱ አስረድቷል፤ ስለ ሠላሳ አራቱ ልጆች፣ ስለ ዳልጮ እንጀራ፣ በካምባ ስለሚጠበቀው ዴስክ። ማሽኑም በዚያው ሳምንት በስሙ ተዛወረ። ይህን ግን ለራሱ ሲያስረዳ አይጨምረውም ነበር።

ሊሻን ግልባጩን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ እንደ ተማሪ የፈተና ወረቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበችው።

«መከለያውን ያወለቅኩት እኔ ነኝ አላልከኝም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

ዘሚካኤል መነጽሩን አወለቀ። ወረቀቱን ባገኘችበት መልሳ አስቀመጠችው። ሁለተኛ አላነሳችበትም፤ ማክሰኞ ማታም በመካከላቸው የሚሳቅ ነገር አልኖረም።

ታኅሣሥ ላይ ሻሺቱ መጣች። ግራ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላለች። ዳልጮ ሲያያት ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ዘሚካኤል በርጩማ ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

«የሥልጠና መዝገቤን እንዲፈርሙልኝ ነው» አለች። «የሠራሁበት ሰዓት ካልተፈረመ ለምዘና አልቀርብም።»

«ልትቀርቢ ነው?»

«ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ እኮ።»

መዝገቡን ገለጠ። እያንዳንዱን ቀን በራሷ ጽሕፈት ሞልታዋለች፤ ምን እንደሠራች፣ በየትኛው መሣሪያ፣ ስንት ሰዓት። በመጨረሻው ገጽ የነሐሴው ዓርብ ነበር። «የዴስክ እግር መሰንጠቅ። ሃያ ደቂቃ» ይላል። ሌላ ምንም አልተጻፈም። ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ ፈረመ።

መዝገቡን ተቀብላ ወደ በሩ ከሄደች በኋላ ቆመች። «ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያልገባትን ትምህርት እንደምትጠይቅ ተማሪ ነበረች። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ጥንቃቄ የጎደለኝ? እስቲ ይንገሩኝ። ሳስበው ሳስበው ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። የነገርኩዎት መስሎኝ ነበር።»

«ነግረሽኛል» አለ ዘሚካኤል። እሷም እንደ ማረጋገጫ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

በማግስቱ ዘሚካኤል የአባቱን የመሰለ አለባበስ ለብሶ፣ በእጁ የጻፈውን አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዞ ቃለ ጉባኤው ወደሚገኝበት መሥሪያ ቤት ሄደ። ደብዳቤው፣ መከለያውን ያወለቅኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ነግራኝ ነበር፣ እንድትሠራ ያዘዝኳትም እኔ ነኝ ይላል። የተቀበለው ኃላፊ አንብቦ ቀና አለ።

«ከአራት ወር በኋላ ምን አስታወሰዎት? ጉዳዩ እኮ ተዘግቷል።»

«ይከፈት።»

«የሚመጣብዎትን ያውቁታል?»

«አላውቅም» አለ ዘሚካኤል፤ እውነቱን ነበር።

የመጣበት ይህ ነው። ማሽኑ በመጣበት ዓይነት መኪና ተጭኖ ሄደ። ወርክሾፑ ድጋፍ ከሚሰጣቸው ዝርዝር ወጣ፣ ለመንግሥት ሥራም እንዳይወዳደር ታገደ። ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ተቀጣም። ሻሺቱ እንደ ሠራተኛ ተቆጥራ ካሳ ተወሰነላት። የቴዎም ፍርሃት እውነት ሆነ፤ ከአሥራ አንዱ አሠሪዎች አምስቱ በሚቀጥለው ዓመት ሠልጣኝ አንቀበልም አሉ። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ወደየቤታቸው የተመለሱ ልጆች ነበሩ። ቴዎ ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ወረዳ ተመደበ። ከመሄዱ በፊት ዘሚካኤልን ሲቀላ አደባባይ ላይ አግኝቶት ነበር፤ ሰላም ሳይለው መንገድ ተሻገረ። ዘሚካኤል አልተቀየመውም።

ምዘናው ሰኔ ላይ ነበር። ዘሚካኤል ከግቢው ውጪ ዛፍ ሥር ጠበቀ። ሥራው አንድ በርጩማ ነው፤ የአንዱ እንጨት ምላስ በሌላው ቀዳዳ እየገባ የሚገጣጠም፣ ያለ ሚስማር፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ። ሻሺቱ እንጨቱን በግራ ክንዷ ከደረቷ ጋር አጣብቃ፣ በሁለቱ ጣቶቿ ደግፋ በቀኟ እየሠራች ነበር የዋለችው። ይህን የነገረው በኋላ ከመዛኞቹ አንዱ ነው። እሷ ስትወጣ ፊቷ ላይ ሰጋቱራ ነበር።

«መገጣጠሚያው ግጥም አለ?» አላት።

«ግጥም አለ።»

«ታዲያ?»

«ሦስት እግር ነው የጨረስኩት። ሰዓት አለቀ።»

ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሟ አጠገብ «ገና ብቁ አይደለችም» ይል ነበር። ደግማ መቅረብ ትችል ነበር፤ አልቀረበችም። ዘሚካኤል ማሽን የሌለበት ወርክሾፕ ውስጥ ከእሱ ጋር እንድትሠራ በዳልጮ በኩል ላከባት። ዳልጮ ሲመለስ፣ «የመጋዝ ድምፅ ስሰማ ያመኛል አለች» አለ። በሳምንቱ ወደ ኦቾሎ ወጣች።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ዘሚካኤል ኦቾሎ ሄደ። ከተራራው ሥር ላንቴ ላይ ከመኪና ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ወጣ፤ ጉልበቱ ስላልቻለ አምስት ጊዜ ተቀመጠ። አባያ ሐይቅ ከበታቹ ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል። ለሽማግሌው በገዛ አፉ ሳይነግራቸው መኖር አቅቶት ነበር።

ባፈና ሸማ ላይ ነበሩ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ይሸምናሉ። ተነሥተው ተቀበሉት፣ ቁርበት አነጠፉለት። ሻሺቱ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ኩርኩፋና ጎመን አቀረበች። እሷ ግን ገበታ ላይ አልተቀመጠችም፣ ጥጥ ወደሚፈትሉት ሴቶች ሄደች። እሷ ራሷ አትፈትልም ነበር፤ ጥጡን እየሳበች ክር የምታደርገው በግራ እጇ ነበር።

ዘሚካኤል ሁለት ጊዜ ጎርሶ አቆመ። «አቶ ባፈና፣ የዚያን ቀን የማሽኑን መከለያ ያወለቅኩት እኔ ነኝ። ልጅዎ ይቅር ብላኝ ነበር፣ ማለቴ… የለም ብላኝ ነበር። መከለያው የለም ብላኝ ነበር። ሥሪ አልኳት።»

ባፈና ወደ ሸማቸው ተመለሱ። መወርወሪያውን አነሱ፣ ግን አልወረወሩትም። አውራ ጣታቸውን እያሻሹበት ቆዩ።

«አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ፣ እሱ ነገረኝ። ሆስፒታል ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ እስክትናገር ነበር የምጠብቀው። ቆየህ።»

ያሉት ይህን ብቻ ነው። ዘሚካኤል ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር። ምግቡን ብላ ተባለ፣ በላ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለመሄድ ተነሣ፤ ሻሺቱ መጥታ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘችው። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን መንገዱን ሙሉ ስለ እንጨት ባወሩ ነበር። አሁን የጠየቃት ስለ ጤናዋ ነው፤ ደኅና ነኝ አለች።

መታጠፊያው ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ምን?»

«ሁለተኛ አይምጡ። በክፋት አይደለም። ስለእርስዎ ሲወራ እንኳ አባባ ሁለት ሦስት ቀን ሸማ ላይ አይቀመጥም። ዛሬ ደግሞ ራስዎ መጡ።»

ዘሚካኤል እሺ አላት። ቁልቁለቱን ወርዶ ላንቴ ሲደርስ ወደ ከተማ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ሊነሣ ነበር።

ቃሉን ጠበቀ። ወርክሾፑን በሚቀጥለው ዓመት ዘግቶ በሌላ ሰው እንጨት ቤት ተቀጠረ፤ ዳልጮም አብሮት ገባ። አሁን የእጁ ፍጥነት ቀንሷል፤ አሠሪው ግን ለገጠማው ጥራት ሲል ይዞታል። ኦቾሎ የሚወጡ ነጋዴዎችን ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ሻሺቱ ሳሙናና ጨው የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች ይሉታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ አግብታለች፣ ሴት ልጅ ወልዳለች አሉት። የልጅቷን ስም ጠየቀ፤ የሚያውቅ አልነበረም።

ኮሌጁ ዘንድሮም ለእንጨት ቤቱ ሠልጣኞች ልኳል። አሠሪው ዘሚካኤልን አንዱን አሠልጥንልኝ ይለዋል። እሱ ግን ሠልጣኝ በሚመጣባቸው በሦስቱ ቀናት ከጓሮው ሆኖ፣ በእጁ መላግ ያለበትን ሥራ እየመረጠ ይሠራል።